በማንጎ ሰበብ ወደ አሶሳ

መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው አሶሳ ደርሼ መጣሁ ካለ የሚጠየቀው «ወርቅ ነው ወይስ ሰሊጥ?» ተብሎ ነው። እኔም ሰሞኑን ስመለስ የሱቅ ጎረቤቶቼ ይህንኑ ጠየቁኝ። ሁለቱም አይደለም ስላቸው ይበልጥ ጠረጠሩኝ፤ ነጋዴ ሁለቱም አይደለም ካለ ሁለቱንም ነው ማለት ነውና። ስለዚህ የሄድኩበትን ጉዳይ ከነመንገዱ ከነምግቡ ጽፌው ልገላገል። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ የሌላችሁም አገሩን በዚሁ ታዩታላችሁ።

ጉዳዩ አልኸድር ነው። አልኸድር የአሶሳ ሰው፣ ብሔሩ በርታ፣ የማንጎና የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ለብዙ ዓመት አብረን ስንነግድ እሱ ይጭናል፣ እኔ አራግፋለሁ። ስልክ ሲደውል «ሸሪክ» ብሎ ይጀምርና «ሸሪክ» ብሎ ይጨርሳል፤ በመሀል ያለው ንግድ ነው። ዘንድሮ ሳሉ አልለቀው ብሎ አዲስ አበባ መጣና እኔ ቤት አረፈ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ፎቶ አነሱት፤ ቀጥለው በረጅም መርፌ ከሳንባው ቁራጭ ወሰዱ። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል ሲሉት «ማንጎዬ ዛፍ ላይ ይበስላል፣ እኔን አይጠብቅም» ብሎ አገሩ ገባ። የተመዘገበው የእኔ ስልክ ስለነበር የተጠራሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ በሩን ዘጋና «የሳንባ ካንሰር ነው» አለኝ። ገና ያልተሰራጨ ስለሚመስል ቶሎ ከመጣ ቀዶ ሕክምና ሊሞከር እንደሚችል፣ ከዘገየ ግን ያ ዕድል እንደሚያመልጥ አስረዳኝ። «ለእሳቸው እንዴት እንደሚነገር ቤተሰብ ይምከርበት» ብሎ ሸኘኝ።

ከሁለታችን ለዘመናት ሲጋራ ያጨስኩት እኔ ነኝ። አልኸድር የሚያጨስ ሰው ካየ መንገድ ይቀይራል። ይህን ሐሳብ ይዤ ከሐኪም ቤቱ ደረጃ ወረድኩ።

ቤተሰቡ መከረ። መከረ ማለት ልጁ ሐዋ ደወለችልኝ። ሐዋ እዚያው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታስተምር፣ ሕንድ አገር ሁለተኛ ዲግሪዋን ሠርታ የመጣች ልጅ ናት።

«ጋሼ ዘርጋው፣ እንዳይነግሩት» አለችኝ። «እናቴም እንዳትሰማ። ካወቀ ይወድቃል። እርስዎ ይምጡና በንግድ ሰበብ ይዘውት ይሂዱ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ሐኪሞቹ ያውቃሉ።»

አልገረመኝም። እኛም ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ወንድሙ የሞተበት ሰው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ መጥተው እስኪያረዱት ድረስ ይበላል፣ ይስቃል፣ ዋጋ ይከራከራል። በሽታም እንደዚያው ነው። «ብርድ ነው»፣ «ውሃ ቋጥሮ ነው» እንላለን። እሺ አልኳት።

አንደኛ ቀን

አውሮፕላኑ ለሳምንት ሞልቶ ነበር። መንገዱ ሰሞኑን ሰላም ነው ስለተባለ በአውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሐዋ የአባቷን ሳንባ ፎቶ ልየው ብላ ስለነበር ሻንጣዬ ውስጥ ከሸሚዞቼ መሀል አስተኝቼዋለሁ።

ከአምቦ አለፍ ብሎ ፍተሻ ነበር። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰለፍን። ሻንጣዬን የከፈተው ወታደር ሸሚዞቹን ትቶ ፎቶውን ሳበ፤ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳንባ።»

«የማን?»

«የጓደኛዬ።»

«ጓደኛህ ሳንባውን ሰጥቶህ እሱ የት ሄደ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወታደሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ፎቶውን ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ይማረው አባት» አለኝ። ወደ አውቶቡሱ ስመለስ ግን ጨዋታው ሁሉ ሳንባ ሆኗል። ከኋላ ያለች ሴት በነጭ ሽንኩርትና በማር የዳነ ዘመዷን ታወራለች። ከፊት ያለው ሰውዬ ሳንባ ከተነካ አለቀ ይላል። ባለሳንባው አሶሳ ቁጭ ብሎ ማንጎ ይለቅማል፤ እኛ ነቀምት ሳንደርስ ገደልነውም፣ አዳንነውም።

ነቀምት አደርን። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወፍራም ሴትዮ ናቸው። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ትኋን ይኖር ይሆን ብዬ ስጠይቃቸው «አዲስ አበባ ትኋን የለም?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «እንግዲያው አገርዎ ነዎት» አሉና ንጹሕ አንሶላ ራሳቸው አንጥፈው፣ እራት አንጮቴ አቀረቡልኝ። አንጮቴ ከመሬት የሚቆፈር ነው፤ ድንች ይመስላል እንጂ ከድንች ይልቅ ቁም ነገር አለው። እኛ ጋ ቢመጣ ዋጋው ሰማይ ይነካል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሐሳብ ምግብ በቀመስኩበት ሁሉ አስባለሁ፤ በሽታ ነው።

ሁለተኛ ቀን

ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ ኮቴን አወለቅሁ፣ ቀጥዬ ሹራቤን፣ መጨረሻ ላይ ክብሬን። ባምባሲ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ «ሁሉም ይውረድ፣ ጥላ ይፈልግ» አለ። ጥላው የማንጎ ዛፍ ነበር። የዛፉ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከቤታቸው ወጥተው እንጨት ወንበር አመጡልኝ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከመርካቶ ስላቸው ከት ብለው ሳቁ።

«የኛን ማንጎ እዚያ ስትሸጡ በጨርቅ ትወለውሉታላችሁ አሉ።»

«እንወለውላለን።»

«ለምን?»

«ሩቅ አገር የመጣ እንዲመስል።»

«ሩቅ አገር አይደል እንዴ የመጣው?» አሉኝ። ከዛፉም አንድ ማንጎ ሰጡኝ።

አሶሳ ስንገባ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ከተማው ዝቅ ዝቅ ያለ፣ አጥሩ በቀርከሃ የተሠራ፣ ጎዳናው የባጃጅ ነው። እኛ ጋ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ ጎረቤትህን አታየውም፣ ትሰማዋለህ። እዚህ በቀርከሃው ቀዳዳ ጎረቤትህን ታየዋለህ፣ ሰላም ትለዋለህ። ባጃጅ ይዤ «አልኸድር ጋ አድርሰኝ» አልኩት።

«የቱ አልኸድር? ሳንባ የታመመው?»

ሻንጣዬን ጭኜ ተቀመጥኩ። ያንን አዎ አድርጎ ወሰደና ነዳው።

አልኸድር በር ላይ ቆሞ ነበር። ካየሁት ወዲህ አንገቱ ረዝሟል፤ ነጭ ጀለቢያው ከመስቀያ የተንጠለጠለ ይመስላል። ድምፁ ግን ያው ነው።

«ሸሪክ! መርካቶን ለማን ሰጥተህ መጣህ?»

«ለጎረቤቶቼ።»

«ሌባ ለሌባ! አላህ ይጠብቅ። ግባ።»

እዚህ ቤት ውስጥ ልማዱ፣ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ሦስት ቀን እስኪሞላው ድረስ ለምን መጣህ አይባልም። ይህን ሐዋ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ዝም ብዬ መብላት ነበረብኝ። እኔ ግን መንገድ ሙሉ የተለማመድኩት ውሸት አፌ ውስጥ ሞቆ ስለነበር ገና እጄን ሳልታጠብ «ዘንድሮ ማንጎውን ከሥሩ ልየው ብዬ ነው» አልኩ። ነጋዴ ያልተጠየቀውን ሲመልስ ኪሱ ተከፍቷል። አልኸድር ግን ፊቱ በራ።

«ማንጎ ልታይ? እንዲህ ሩቅ?»

«አዎ።»

«ወላሂ ታያለህ። ዛፍ በዛፍ ታያለህ።»

እራት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበ። ባሚያው ይስባል፤ እጅህን ስታነሳ ይከተልሃል። ለእኔ ብቻ ደግሞ ዶሮ መጣ። ሚስቱ አሻ ሳህኑን ወደኔ እየገፋች «ብላ፣ የክርስቲያን ነው» አለችኝ። ለካ የኛን ሥጋ አትበላም ብለው ጎረቤታቸውን መምህር ገመቹን አስጠርተው አሳርደውታል። መምህር ገመቹ የወለጋ ሰው፣ ጴንጤ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የኔ እናት ብትኖር ይህን ዶሮ በሦስት ሃይማኖት ታስመረምረው ነበር። በላሁት። እንዲያ ያለ ጣፋጭ ዶሮ በልቼ አላውቅም።

ሦስተኛ ቀን

አልኸድር ጠዋት ገበያ ሲወጣ እኔ ከሐዋ ጋር ወደምታስተምርበት ሄድኩ። ፎቶውን ሰጠኋት። የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፋ ቆማ አየችው፤ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች፤ አነሳች። ከዚያ ወደ ሻይ ቤት ወጥተን ከርከዴ አዘዘች። ከርከዴ ቀይ ሻይ ነው፣ ይጎመዝዛል። እኛ ሻይ እንጠጣለን የምንለው ስኳር ነው።

«ሕንድ አገር ምን ነበር የተማርሽው?» አልኳት፤ ወሬ ለማስቀየር።

ከርከዴዋን አስቀመጠች። «ይሄንኑ ነው ጋሼ» አለችኝ። «የሳንባ ካንሰር ሴል እንዴት እንደሚያድግ።»

እኔ ወሬ ለማስቀየር ስሞክር ሁልጊዜ እንደዚህ ነኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። ትምህርቴን መርካቶ ነው የጨረስኩት ብላትም አልሰነፈችም። እያንዳንዱ ሴል በውስጡ ትልቅ መጽሐፍ አለው አለችኝ፤ ዲኤንኤ የሚሉት። ሴሉ የሚያስፈልገውን ገጽ ይገለብጣል፤ ግልባጩ አርኤንኤ ይባላል። ግልባጩ እንደ ትእዛዝ ሄዶ ፕሮቲን ይሠራበታል።

«ተመራማሪዎች ቆይተው ሲያዩ ግን» አለች፣ «ከሚገለበጠው አብዛኛው ፕሮቲን አይሠራበትም። ትእዛዝ አይደለም። ድሮ ትርፍራፊ ነው ይሉት ነበር። አሁን ኮድ አልባ አርኤንኤ ይሉታል።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«እሱ ነው ጉዱ። ራሱ ምንም አይሠራም። የሌላው ሥራ ይሁን ወይም ይቅር የሚለው ግን እሱ ነው።»

«ዕቃ የለውም፣ ሱቅ የለውም፣ ገበያው ግን በእሱ አፍ ነው የሚከፈተው?»

«አዎ።»

«ሐዋ፣ ይሄማ ደላላ ነው።»

ሳቀች። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። «ተማሪዎቼን እንደዚህ ብዬ ባስተምር ኖሮ» አለች።

«ቀጥዪ፤ ደላላን አውቃለሁ።»

ቀጠለች። ኮድ አልባዎቹ አጭርም ረጅምም አሉ፤ አጫጭሮቹ ፍሬን ናቸው አለች፤ ተባዛ የሚለውን ትእዛዝ መንገድ ላይ ይዘው ያስቀሩታል፤ ሴሉም ልኩን ያውቃል። በሳንባ ካንሰር ግን ከረጃጅሞቹ አንዳንዱ ከመጠን በላይ ይበዛል። እሱም ተባዛ ብሎ አያዝም። አጫጭሮቹን ግን ስፖንጅ ውሃ እንደሚመጠው መጦ ይይዛቸዋል። ፍሬኑ ሲያዝ ትእዛዙ ያልፋል፤ ሴሉም ይባዛል፣ ይባዛል።

እኔ በሐሳቤ ያየሁት ተቆጣጣሪዎችን ሰብስቦ ምሳ የሚጋብዝ ደላላ ነው። እነሱ ጥብሱ ላይ ሳሉ መኪናው ሳይፈተሽ ይገባል። ደላላው አልሰረቀም፣ አላዘዘም፤ ምሳ ጋበዘ እንጂ። እንደዚህ ያለ ሰው ስንት አውቃለሁ። ሰውነታችን ውስጥም መኖሩን ግን አልጠረጠርኩም ነበር።

«አንቺስ ምን አደረግሽው?»

«ያንን ረጅሙን ዝም አሰኘሁት። እንዳይገለበጥ የሚያደርግ ነገር አለ፣ ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያሳደግኳቸው የካንሰር ሴሎች ላይ ጨመርኩ።»

«ሞቱ?»

«ጥቂቶቹ። የቀሩት ዘገዩ። መባዛታቸው ቀነሰ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እሺ፣ መድኃኒቱ የት ይሸጣል?»

«አይሸጥም ጋሼ። ሳህን ላይ የሆነ ሁሉ ሰው ላይ አይሆንም። ሰው ዘንድ እንዴት አድርጎ ሳንባ እንደሚደርስ፣ ሌላውን እንዳያበላሽ፣ ገና ብዙ ይቀራል። ለአባቴ አይደርስም። ለአባቴ ያለው ቢላዋው ነው፣ ቶሎ ከሄደ።»

ያልተሸጠ ነገር እንዲህ ሲቆጨኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሴሎቹን ከየት አመጣችኋቸው?» አልኳት።

«ከአንድ ሰው ሳንባ ነው፤ ድሮ የተወሰዱ። ሰውየው ሞቷል። ሴሎቹ ግን በየአገሩ ላቦራቶሪ ውስጥ እስከዛሬ ይባዛሉ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«አላውቅም። መለያ ቁጥር ነው ያላቸው።» ብርጭቆዋን አዞረች። «ምግባቸውን እቀይርላቸው ነበር። ሙቀታቸውን እጠብቅላቸው ነበር፣ እንደ ሕፃን። አሁን አባቴ ሲያስል እነሱን ነው የማየው።»

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለአባትሽ አለመንገርሽ አይከብድሽም?»

«ማወቅና መናገር አንድ ነው እንዴ? እርስዎስ ያውቁ የለ?»

ከርከዴዬን ጨረስኩ። ጎመዘዘኝ።

አራተኛ ቀን

አልኸድር ጠዋት ንጹሕ ጀለቢያ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ። «ተነሳ ሸሪክ፤ ማንጎ ልታይ መጣህ፣ ማንጎ ታያለህ።» እርሻው ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዝ በላይ ካለ ዳገት ላይ ነው። ሐዋ አይሆንም ልትለው ሞከረች። «እንግዳ ከዚያ ሁሉ አገር መጣ፣ እኔ ከዚህ እዚህ አልሄድ?» አላት። እኔም ይቅር አልኩ፤ እንግዳ ስለሆንኩ እንደ ትሕትና ተቆጠረልኝ። ሐዋ አብራን ወጣች።

ባጃጁ እስከቻለ ወሰደን፤ ከዚያ እግር ነው። አልኸድር አማርኛን ገበያ ነው የተማረው። ወንዱንም ሴቱንም «እሱ» ይላል፤ ልጁንም፣ ሚስቱንም፣ የማንጎ ዛፉንም። «ይሄ ዛፍ፣ አባቴ ተከለ» ይልና ይቆማል። ግንዱን ይዞ ያየኛል። ጥቂት እንሄዳለን። «ይሄ ዛፍ ደግሞ ፍሬው ቃጫ የለውም፣ ስኳር ነው» ይልና ይቆማል። መጀመሪያ በዛፎቹ የሚኮራ መስሎኝ ነበር። ሦስት አራት ዛፍ ካለፍን በኋላ ገባኝ። ትንፋሽ ሲያጥረው ነው ዛፍ የሚያስጎበኘኝ።

ከዚያ እኔም ሥራ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ዛፍ ዞሬ አየሁት፤ ቅጠሉን ገለበጥኩ፣ ፍሬውን አሸተትኩ፣ ያልገባኝን ጠየቅሁ። በሕይወቴ ዕቃ እንዲህ አመስግኜ አላውቅም፤ የገዢ ወግ አይደለም። የማመሰግነው ግን ዛፉን አልነበረም፤ እስኪተነፍስ ጊዜ እየገዛሁለት ነበር። እሱ እኔ እንዳላይበት ይኮራል፣ እኔ እሱ እንዳያውቅብኝ አደንቃለሁ፣ ሐዋ ከኋላ ዝም ብላ ትከተላለች። ሦስት ጤነኛ አእምሮ ያለን ሰዎች አንድ በሽተኛ ዳገት አወጣነው፤ በማንጎ ሰበብ፣ እኔ በፈጠርኩት።

ከላይኛው ዛፍ ሥር ሳል ጀመረው። እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም፤ አጎንብሶ ቀረ። መሐረቡን ከአፉ ሲያነሳ ደም ነበረበት። ሊደብቀው አጠፈው። ሐዋ ግን ደርሳ እጁን ያዘች፤ መሐረቡን ፈታች። አየችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እሱንም ሳበችና አስቀመጠችው።

በበርታ ተናገረች። ቋንቋውን አላውቀውም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ እንደ አስተማሪ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ጣቶቿን ዘረጋች፣ ሰበሰበች። በመሀል አንዲት የዓረብኛ ቃል ለየሁ፤ መርካቶ ካሉት የዓረብ ነጋዴዎች ሰምቻት የማውቃት የካንሰር ስም ናት። አልኸድር አንዴም አላቋረጣትም። ስትጨርስ ቅጠሎቹን ቀና ብሎ አየና «አልሐምዱሊላህ» አለ። ይህችን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ሸሪክ።»

«አቤት።»

«ማንጎ ልታይ አልመጣህም።»

«አልመጣሁም።»

«ታዲያ ለምን ዳገት አስወጣኸኝ?»

«አንተ ነህ ያወጣኸኝ» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሐዋ ጀርባውን ያዘችው። ትንፋሹ ሲመለስለት «ስንት ሰው አወቀ?» አለ።

ሐዋ ዓይኗን ሰበረች። «ዘመዶች።»

«ባጃጁስ?»

«እሱም።»

«መምህር ገመቹ?»

«ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ አስጸልዮልሃል።»

«ጴንጤም አወቀ!» አለ። «የኔ ሳንባ ገበያ ወጣ፣ ሁሉ ዋጋ ሰጠ። ባለቤቱ ብቻ አልሰማ።»

ከዚያ ልጁን በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል፣ «ሕንድ አገር የተማርከው ይሄ ነው?» አላት።

«ይሄ ነው አባ።»

«ለሸሪክ ነገርክ?»

«ነገርኩት።»

«ለተማሪ ትናገራለህ። ለሸሪክ ትናገራለህ። እኔ ስድስት በሬ... እኔ ስንት ነገር ሸጬ አስተማርኩህ፣ ለእኔ አልነገርክ።»

ሐዋ አለቀሰች። እሱ እንድታለቅስ ትቷት ቆየ፤ በኋላ እጁን ራሷ ላይ አደረገ። «አሁን ነገርክ፤ ይበቃል» አለ።

ወደ ታች ስንወርድ አንድም ዛፍ አላስጎበኘንም። ሲደክመው «ደከመኝ» እያለ ተቀመጠ።

ቤት ስንደርስ አሻን ለብቻዋ ወደ ውስጥ ጠራት። ጩኸት እጠብቅ ነበር፤ እኛ ጋ ቢሆን ሰፈር ይሰማል። ምንም አልተሰማም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ፊት ቆመችና «አንተም አወቅህ፣ በላህ፣ ዝም አልክ» አለችኝ። «ዶሮዬን በላህ!» አለች ደግማ። ከዚያ ውሃ አምጥታ እጄን አስታጠበችኝ፤ እራት ደርሶ ነበር።

አምስተኛ ቀን

ነገ ጠዋት የሚበር አውሮፕላን ሦስት ቦታ ተገኘ። ዛሬውኑ ቢገኝ ደስ ባለኝ፤ አልኸድር ግን «ዛሬ ሥራ አለኝ» አለ። ማንጎውን ሊያስጭን መስሎኝ ተናደድኩ። ማንጎ አልነበረም። ሙስሊሞች ሩቅ መንገድ፣ እንደ ሐጅ ያለ፣ ሲሄዱ በሕይወት ያገኙትን ሰው ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ «ዐፉ በሉኝ» ይላሉ። ሊል የወጣው ይህንን ነው።

አብሬው ዞርኩ። ቀርከሃ የሚሸጡት ጋ ቆመ፤ «ታምሜያለሁ፣ አዲስ አበባ ልታከም ነው። ዐፉ በሉኝ።» «ዐፉ ብለንሃል፣ አንተም ዐፉ በለን።» ቅመም የምትሸጥ ሴት አንድ ጊዜ ሚዛኗን ተጠራጥሮ ነበር፤ ዐፉ ተባባሉ፤ ቅመም ሰጠችው። መስጊድ በር ላይ ብዙ ቆየ። የትናንቱ ባጃጅ ነጂ ራሱ ወርዶ እጁን ሳመው። ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ግን እሱ «ታምሜያለሁ» እስኪል ድረስ እጁን ሊይዘው የሚችል አልነበረም። ምክንያት የለውማ።

አንዱ ብቻ እንቢ አለ። ጅብሪል ይባላል፤ ሌላው የማንጎ ነጋዴ ነው፣ ከአልኸድር ጋር ሲሻሙ ያረጁ። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰማው።

«አልልህም» አለ።

«ጅብሪል፣ አላህን ፍራ።»

«አልልህም አልኩ። ስትመለስ እልሃለሁ። አሁን ካልኩህ ሄደህ ትቀራለህ።»

«ብሞትስ?»

«ጥፋቱ የራስህ ነው። እዳ እያለብህ ማን ሙት አለህ?»

ሁለቱም ተያዩ። ጅብሪል ተነስቶ በርጩማ አቀረበለት፤ ለእኔም። ሻይ አስመጣ። ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ካሚዮን ኪራይ መወደድ አወሩ፤ ሲወጣም ዐፉ አላለውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሐሳብ ያዘኝ። ስልክ ላይ እሺ ባልኳት ጊዜ ለአልኸድር ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በንግድ ሰበብ ይዤው ብሄድ ኖሮ ይህ ቀን አይኖረውም ነበር። ሰውየውን ከሐዘን እጠብቀዋለሁ ብዬ ከሰዎቹ ልነጥለው ነበር። ይህን ስነግረው «ዐፉ ብዬሃለሁ» አለኝና ተራመደ።

ስድስተኛ ቀን፣ ከዚያም በኋላ

በአውቶቡስ ሁለት ቀን የፈጀብኝ መንገድ በአውሮፕላን ቁርስ ሳይፈጭ አለቀ። አልኸድር በመስኮት ሲያይ ቆይቶ «ከዚህ ሲታይ ሁሉ አገር አንድ አይነት ነው» አለ። ስንወርድ ብርዱ ተቀበለን፤ ሐዋ ፎጣዋን አከናነበችው።

ሐኪም ቤት ሦስታችንም ገባን። ሐኪሙ ያው ነው። ፎቶውን ሰቀለ፣ ወረቀቱን ገለጠ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አባት ለትንሽ ጊዜ ውጭ ይጠብቁ» አለ። «ከቤተሰብ ጋር እንነጋገር።»

አልኸድር አልተነሳም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ፤ እግሩ ሲሚንቶውን ፋቀው።

«ዶክተር» አለ፣ «ሳንባው የኔ ነው። ለእኔ ንገረኝ። ሐዋ ይቆይ፣ ያልገባኝን ያስረዳኛል። ሸሪክ ውጭ ይጠብቅ።»

ሐኪሙ እኔን ጠየቀኝ፣ በዓይኑ። ተነሳሁ። በሩን ስዘጋ አልኸድር «እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምር» ሲል ሰማሁት።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ የሚቀመጠው አስታማሚ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ ይንሾካሾካል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ፣ ጋቢ የለበሰ፣ ጠጋ አለኝ።

«የእርስዎም እንደኛ ነው?» አለኝ በቀስታ። «በሽተኛዎ ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩት። «አሁን የማላውቀው እኔ ነኝ።»